«ወደ ጎን» ሲባል የማን ጎን? የጎንዮሽ እንቅስቃሴ በእንስሳት፣ በመሣሪያዎችና በዕለት ተዕለት አማርኛ

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ «የጎንዮሽ» የሚለው ቃል በምርምር ጽሑፎቻችን ውስጥ የተሸከማቸውን ልዩ ልዩ ትርጉሞች መለየትና ሳይለዩ በመቅረታቸው የሚደርሰውን ችግር ማሳየት ነው። ቃሉ ሥራ በዝቶበታል። ሐኪሙ የመድኃኒትን ያልታሰበ ውጤት «የጎንዮሽ ጉዳት» ይለዋል፤ የሕንፃ መሐንዲሱ የነፋስንና የመሬት መንቀጥቀጥን ጫና «የጎንዮሽ ኃይል» ይለዋል፤ የአስተዳደር ተመራማሪው ክልል ከክልል ጋር ያለውን ትስስር «የጎንዮሽ ግንኙነት» ይለዋል፤ የሥነ እንስሳት ተማሪው ደግሞ የሸርጣንን አረማመድ በዚያው ቃል ይገልጻል። አራቱም ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደለም። ለሐኪሙ ጎን ማለት ከታሰበው መንገድ መውጣት ነው። ለመሐንዲሱ ከላይ ወደ ታች ያልሆነ አቅጣጫ ነው። ለአስተዳደር ተመራማሪው የበላይና የበታች አለመኖር ነው። ለሥነ እንስሳት ተማሪው ደግሞ ፊት ያለው አካል ግራና ቀኙ ነው።

ምሳሌዎቼን በአመዛኙ ከአሶሳና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ወስጃለሁ። ምክንያቱ ቅርበት ብቻ አይደለም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ በሚኖሩበትና አማርኛ የሥራ ቋንቋ በሆነበት በዚህ ክልል፣ ብዙው ተማሪ የሳይንስን ቃል የሚሰማው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው የቃሉን ድክመት ከልማዱ እየሞላ ያልፋል፤ ያልፈታው ግን ቃሉን እንደተነገረው ይወስደዋል። በመጨረሻው ክፍል እንደሚታየው፣ ይህ ልዩነት የፈተና ነጥብ ከማጓደል የከፋ ውጤት ሊኖረው ይችላል።

ሸርጣን ወዴት ነው የሚሄደው?

የንጹሕ ውኃ ሸርጣን በአባይ ተፋሰስ ወንዞችና ጅረቶች ይኖራል። በአፍሪካ ከሚገኙት ዝርያዎች አብዛኞቹ ፖታሞናውቲዴ በሚባለው ቤተሰብ ሥር ይመደባሉ። እነዚህን ከባሕር ዘመዶቻቸው የሚለያቸው አንድ ጠባይ አለ፤ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚጓዝ እጭ የላቸውም። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሽ ሆኖ የተሟላ ሸርጣን ነው። ስለዚህ ዝርያው ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው የሚዛመተው በዋነኛነት በእግሩ ነው።

ሸርጣን ዐሥር እግሮች አሉት። የፊተኞቹ ሁለቱ መቆንጠጫ ሆነዋል፤ የቀሩት ስምንቱ መራመጃ ናቸው። ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ መራመጃዎቹ በግራና በቀኝ፣ አራት አራት ሆነው፣ ተጠጋግተው ተደርድረዋል። የእያንዳንዱ እግር ዋና መገጣጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ጠለል ብቻ ይታጠፋል፤ ጠለሉም ከአካሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የዞረ ነው። እንስሳው ወደ አፉ አቅጣጫ ፈጥኖ ልሂድ ቢል እግሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ መገጣጠሚያውም የሚጠቅም እርምጃ አይሰጠውም። በጎኑ ሲሄድ ግን ከመንገዱ ፊት ያሉት አራት እግሮች እየታጠፉ ይስባሉ፤ ከመንገዱ ኋላ ያሉት አራቱ እየተዘረጉ ይገፋሉ። አቅጣጫውን ለመለወጥ መዞር እንኳ አያስፈልገውም፤ ሳቢዎቹ ገፊ፣ ገፊዎቹ ሳቢ ይሆናሉ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ አሁን «ከመንገዱ ፊት» ብያለሁ። ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ሸርጣን ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ አፉና ዓይኑ የሚገኙበት የአካል ፊት ነው፤ ሌላው የሚሄድበት የመንገድ ፊት ነው። በሰው፣ በላምና በውሻ ዘንድ ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚውሉ ቋንቋችን ለየብቻ ስም ሳያወጣላቸው ኖሯል። «ሸርጣን ወደ ጎን ይሄዳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው የአካሉን ፊት መለኪያ ስናደርግ ብቻ ነው። ለሸርጣኑ ግን ዓይኖቹ በዘንግ ላይ የቆሙ፣ ዙሪያውን የሚያዩ ናቸውና፣ የሚሄድበት ሁሉ የሚታየው መንገድ ነው። ከሸርጣን ወገን ሆነው በአፋቸው አቅጣጫ የሚራመዱም አሉ፤ ሸረሪት መሳይ የሚባሉት የባሕር ሸርጣኖች ጠበብ ያለ አካል ስላላቸው እግሮቻቸው ሳይጋጩ ወደ ፊት ይሄዳሉ። በመሆኑም ጎንዮሽ መሄድ የአካል ቅርጽ የሚያስከትለው ጉዳይ እንጂ የሸርጣንነት መለያ አይደለም።

ከርዕሱ ጥቂት ወጣ ቢልም አንድ ነገር ልጨምር። የዓይነ ስውርነትና የቆዳ በሽታ የሚያስከትለውን ኦንኮሰርኪያሲስን ከሚያስተላልፉት ጥቁር ዝንቦች አንዳንዶቹ እጫቸውን የሚያሳድጉት በንጹሕ ውኃ ሸርጣን ገላ ላይ ተጣብቀው ነው። ይህ የታወቀው በምሥራቅ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመ ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች እጩን በድንጋይና በውኃ ውስጥ ተክል ላይ እየፈለጉ ሲያጡት ቆይተዋል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚታወቁት የበሽታው አስተላላፊዎች አንዱ፣ ሲሙሊየም ኢትዮፒየንሴ፣ ከዚሁ ወገን ነው። ወንዝ ዳር የሚወርድ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ሸርጣኑንም ገልብጦ ማየት እንዳለበት ከዚህ ይረዳል።

ጎኑን የሚያወዛውዝ፣ ወደ ፊት የሚሄድ

የእባብ ነገር ከሸርጣን በተቃራኒው ነው። እባብ ሲሳብ የሚንቀሳቀሰው አካሉ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው፤ ጉዞው ግን ወደ ፊት ነው። ጎኑ በጠጠርና በሣር ሥር እየተደገፈ ይገፋል፤ የሆዱ ቅርፊት ወደ ፊት ለመንሸራተት ቀላል፣ ወደ ጎን ለመንሸራተት ግን አስቸጋሪ በመሆኑ ግፊቱ ወደ ፊት ይለወጣል። በአባይ ውስጥ ያለው አምባዛም ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየመታ ወደ ፊት ይዋኛል። እንግዲህ «የጎንዮሽ እንቅስቃሴ» የምንለው የአካል ክፍሉን ነው ወይስ የእንስሳውን? በሸርጣን ጎን የሚሄደው እንስሳው ነው፤ በእባብና በዓሣ ጎን የሚሄደው አካሉ ብቻ ነው።

ሁለቱን የሚያቀላቅል ሦስተኛ አለ። በሰሐራ የሚኖረው ቀንዳም እፉኝትና በሰሜን አሜሪካ በረሃ የሚገኝ አንድ ባለ ቃጭል እባብ፣ አካላቸውን በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ብቻ መሬት እያስነኩና የቀረውን እያነሡ፣ በሰያፍ ይሄዳሉ። በአሸዋ ላይ የሚተዉት ፈለግ ቀጣይ መስመር አይደለም፤ ትይዩ የሆኑ የተቆራረጡ ሰረዞች ናቸው። መሬት የነካው ክፍል ሳይንሸራተት ስለሚቆም፣ የሚንሸራተት አሸዋ ላይ ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የሰሜን አሜሪካው እባብ የአሸዋው ዳገት በጨመረ ቁጥር መሬት የሚያስነካውን የአካል ርዝመት እንደሚጨምር አሳየ። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ዘዴ ለእባብ መሰል ሮቦት ሲያስተምሩት፣ ቀድሞ ያቃተውን የአሸዋ ዳገት ወጣ።

ገበቴና ሰፌድ

በክልሉ ከሚታዩ የጎንዮሽ እንቅስቃሴዎች ሁሉ ለኔ እጅግ የሚደንቀኝ ወርቅ የማጠብ ሥራ ነው። የቤኒሻንጉል ወርቅ ዝናው የቆየ ነው፤ የግብፁ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 እና በ1821 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ወርቅ ነበር፤ ራሱም በ1838 እና በ1839 እስከ ፋዙግሊ ድረስ ተጉዟል። ዛሬም ሴቶች በብዛት የሚሳተፉበት ባህላዊ የወርቅ እጥበት ብዙ ቤተሰብ ያስተዳድራል።

አጣቢዋ አሸዋውን በገበቴ ወይም በሌላ ሰፊ ዕቃ ይዛ ውኃ ውስጥ ታጠልቀዋለች፤ ከዚያም ዕቃውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትነቀንቀዋለች። ዕቃው ሄዶ ይመለሳል፤ የተጣራ ጉዞው ዜሮ ነው። ውስጡ ያለው ግን ወደ ታችና ወደ ላይ እየተለየ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። አሸዋ ሲረጋ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ ከባዱም ቀላሉም ባለበት ይቆያል። ወደ ጎን ሲነቀነቅ ድጋፉ ይላላል፣ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ከባዱ በክፍተቱ ይሰምጣል። ውኃው ደግሞ ልዩነቱን ያጎላል። የንጹሕ ወርቅ እፍግታ ከውኃ 19.3 እጥፍ ነው፤ የነጭ አሸዋ ማለትም የኳርትዝ 2.65 እጥፍ ነው። በአየር ውስጥ ቢመዘኑ ወርቁ ወደ 7 እጥፍ ይከብዳል። በውኃ ውስጥ ግን ሁለቱም በውኃው መጠን ይቀላሉና፣ 18.3 ለ1.65 ሲካፈል ከ11 በላይ ይሆናል። ጥቁሩ አሸዋ፣ በተለይ እፍግታው 5.2 ገደማ የሆነው ማግኔታይት፣ ከወርቁ ጋር እስከ መጨረሻ አብሮ የሚቀረውም በዚሁ ስሌት ነው፤ የሁለቱ ንጽጽር ከ4.4 አያልፍም። አጣቢዋ ይህን ስሌት በእጇ ታውቀዋለች፤ ጥቁር አሸዋ ላይ ስትደርስ ንቅናቄዋን ታለዝበዋለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ኮሎራዶ የተፈለሰፈውና ዛሬም በማዕድን ማጣሪያዎች የሚሠራበት የዊልፍሊ ጠረጴዛ ያንኑ የጎን ንቅናቄ በሞተር የሚያከናውን ነው።

አማርኛ ለዚህ እንቅስቃሴ ቃል አላጣም። ሰፌድ የያዘች ሴት እህሉን ወደ ላይ እየወረወረች ገለባውን ለነፋስ ስትሰጥ «ታበጥራለች» እንላለን። ሰፌዱን በአግድም እያዞረች ቀላሉን ወደ ላይ፣ ጠጠሩን ወደ ሥር ስትለይ «ታንገዋልላለች» እንላለን። በወንፊት ስታጣራ «ትነፋለች» እንላለን። ሦስት ሥራ፣ ሦስት አቅጣጫ፣ ሦስት ግሥ። በመሠረታዊ ፊዚክስም ሆነ በማዕድን ምሕንድስና የአማርኛ ማስተማሪያዎች ውስጥ «የጎንዮሽ ንዝረት» የሚል ሐረግ ሲገጥመኝ፣ «ማንገዋለል» ከወጥ ቤት ወጥቶ ለምን ክፍል እንዳልገባ እጠይቃለሁ። ቃሉ እንቅስቃሴውንም ውጤቱንም በአንድ ላይ ይዟል፤ «ንዝረት» ግን የስልክንም የመኪናንም መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል።

ጎማ፣ ጀልባና ግድብ

በአሶሳ ጎዳናዎች የሚመላለሰው ባጃጅ በጎኑ መሄድ አይችልም። ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ በጎኑ ግን ሰበቃ ይይዘዋል። ሆኖም ሹፌሩ በሁለት ተሽከርካሪዎች መካከል ሲያቆም፣ ወደ ፊት፣ መሪ፣ ወደ ኋላ፣ መሪ እያለ፣ በመጨረሻ ባጃጁን በጎኑ ጥግ ያስይዘዋል። የተከለከለው ወደ ጎን መሄድ እንጂ ጎን መድረስ አይደለም። ይህ ልዩነት በሮቦት ቁጥጥር ጥናት ትልቅ ርዕስ ነው፤ በአማርኛ ግን «መሄድ»ና «መድረስ» በቂ ናቸው። ስዊድናዊው ቤንት ኢሎን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው ጎማ ክልከላውን ራሱን አነሣው፤ በጎማው ዙሪያ በ45 ዲግሪ የተጋደሙ ትናንሽ ተሽከርካሪ በርሜሎች ስላሉበት፣ አራቱ ጎማዎች በተለያየ አቅጣጫ ሲዞሩ ተሽከርካሪው ሳይዞር በጎኑ ይሄዳል።

ወንዝ የሚሻገር ጀልባ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ጀልባው በውኃው ላይ በሰከንድ 2 ሜትር ቢሄድ፣ ውኃውም በሰከንድ 1 ሜትር ቢወርድ፣ ትይዩ ወዳለው ዳር በቀጥታ ለመድረስ አፍንጫውን 30 ዲግሪ ሽቅብ ማዞር አለበት። ዳር ላይ ለቆመ ሰው ጀልባው በሰያፍ ዞሮ ቀጥ ብሎ ይሻገራል፤ በውኃው ላይ ለሚንሳፈፍ ግንድ ግን ጀልባው አፍንጫው ወዳመለከተው ይሄዳል። በነፋስ ጎን የሚያርፍ አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አብራሪዎች ለዚህ አበራረር ስሙን የሰጡት ከሸርጣን ነው፤ እኛ አላስፈለገንም፣ ወይም ገና አላሰብንበትም።

ወደ ግድቡ ልምጣ። በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ዋናው አካሉ 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በራሱ ክብደት የሚቆም የኮንክሪት ግድብ ነው። በራሱ ክብደት መቆም ማለት ምን እንደሆነ ለክፍል በሚሆን ቀላል ስሌት እንመልከት፤ ቁጥሮቹ የግድቡ ንድፍ አይደሉም፣ መልመጃ ናቸው። የውኃው ጥልቀት 130 ሜትር ነው እንበል። በእያንዳንዱ የግድብ ሜትር ላይ የሚያርፈው የውኃ ግፊት ወደ 8,450 ቶን ክብደት ይሆናል፤ አቅጣጫውም አግድም ነው። ግድቡ 145 ሜትር ከፍታና 116 ሜትር መሠረት ያለው ሦስት ማዕዘን ቢሆን፣ የአንዱ ሜትር ክብደት 20,000 ቶን ያህል ነው። ገፊው ለክብደቱ ሲካፈል 0.42 ነው፤ ሰበቃው ይህን ያህል ከያዘ ግድቡ አይንሸራተትም። ነገር ግን በመሠረቱ ሥር ሰርጎ የሚገባ ውኃ ካልተፋሰሰ ግድቡን ወደ ላይ ያነሣዋል። ግፊቱ ከላይኛው ጫፍ ሙሉ ሆኖ በታችኛው ጫፍ ዜሮ ቢሆን፣ ማንሻው 7,540 ቶን ይደርሳል፤ ድርሻው ወደ 0.67 ያድጋል። በግድብ ሆድ ውስጥ የውኃ ማፋሰሻ ቀዳዳዎችና መተላለፊያዎች የሚሠሩት፣ ቱምቢ እየተሰቀለ የአግድም ፈቀቅታው የሚለካውም ስለዚህ ነው።

አሁን «ግድቡ ወደ ጎን ይገፋል» ብለን ለተማሪ እንንገረው። በግድቡ አናት ላይ ከዳር ወደ ዳር ለሚሄድ ሰው ውኃው በእርግጥ ከጎን ይገፋል። በወንዙ ለሚያስብ ሰው ግን ግፊቱ ወደ ፊት፣ ወደ ቁልቁል ነው፤ ለእርሱ የግድቡ ጎን ሁለቱ ተራራዎች ናቸው። አንዱ ተማሪ ቀስቱን ወደ ሱዳን፣ ሌላው ወደ ተራራው ቢስል ሁለቱም ቃሉን በትክክል ሰምተዋል። መሐንዲሶች ይህን ችግር ቀድመው አይተውታል፤ የወንዝ ግራና ቀኝ ዳር የሚለየው ምንጊዜም ውኃው ወደሚወርድበት ፊቱን አዙሮ በቆመ ተመልካች ነው ብለው ተስማምተዋል። ስምምነቱ አጭር ነው፣ ክርክርም አስቀርቷል። ለ«ጎንዮሽ» እንዲህ ያለ ስምምነት የለንም።

አግድም አደግና ጠጋ በሉ

ዕለታዊው አማርኛ ቀጥታን ያከብራል። ቀና፣ ቅን፣ ቀጥተኛ የምንለው ሰው ይታመናል፤ ጠማማውና ዘወርዋራው አይታመንም። ያልተገራ ሰው «አግድም አደግ» ይባላል፤ እንደ ዛፍ ሽቅብ ሳይሆን እንደ ሐረግ በጎን ያደገ ማለት ነው። የተቀያየሙ ሰዎች በጎሪጥ ይተያያሉ። በአሽሙርና በአግቦ የሚናገር ነገሩን ከፊት አያመጣም። የማይለቅ ባላንጣ የጎን ውጋት ይሆናል። ይህ የሥነ ምግባር ጂኦሜትሪ ወደ ሳይንስ ጽሑፍ ሾልኮ ሲገባ አይቻለሁ፤ የሸርጣን አረማመድ «የተዛባ»፣ የሰያፍ ጉዞ «የተጣመመ» እየተባለ ሲገለጽ። በእንስሳው አካል ላይ የተዛባ ነገር የለም።

በሌላ በኩል ያው ቋንቋ «ከጎኔ ቆመ» ይላል፤ «ጎን ለጎን» ሲልም እኩልነትንና አብሮነትን ያመለክታል። የጭቃ ቤት ቋሚው ብቻውን አይቆምም፤ በአግድም የሚያስረው ማገር ነው። ስለዚህ አማርኛ ጎንን ይጠላል ማለት አይቻልም፤ የሚጠላው ሲነገሩት ፊት የማይሰጠውን ነው።

ለምርምር ቋንቋ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ሌላ የቃላት ስብስብ ነው። ጠጋ አለ፣ ገለል አለ፣ ገሸሽ አለ፣ ፈቀቅ አለ፣ ዘወር አለ። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ማንም «ወደ የትኛው ጎን?» ብሎ አይጠይቅም። «ጠጋ» የሚለው ወደ አንድ ነገር መቅረብን እንጂ የተናጋሪውን ወይም የሰሚውን ግራና ቀኝ አይደለም፤ አቅጣጫውን ወንበሩ ራሱ ይወስነዋል። «ገለል» መራቅን ይናገራል፤ «ገሸሽ» መራቁ ላይ ፈቃድን ይጨምራል፤ «ፈቀቅ» መጠኑ ጥቂት መሆኑን ይናገራል። ለግድብ የጥቂት ሚሊሜትር እንቅስቃሴ «ፈቀቅታ» ያልኩትም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

የቋንቋ ሳይንስ ይህን ልዩነት የማጣቀሻ ማዕቀፍ በሚል ስም ያጠናዋል። ስቲቨን ሌቪንሰንና ባልደረቦቹ ሦስት ዓይነት ማዕቀፍ ለይተዋል፤ በተመልካቹ ግራና ቀኝ የሚለካ፣ በነገሩ በራሱ ፊትና ጎን የሚለካ፣ እንዲሁም ከሁለቱም ውጪ በቆመ አቅጣጫ የሚለካ። በአውስትራሊያ የጉጉ ይሚትር ተናጋሪዎች ጠረጴዛ ላይ ያለን ዕቃ እንኳ በሰሜንና በደቡብ ይጠቁማሉ። በሜክሲኮ የጸልታል ተናጋሪዎች «ሽቅብ»ንና «ቁልቁል»ን ለሜዳም ይጠቀማሉ። አማርኛ ሦስቱንም እንደ ቦታው ይቀላቅላል፤ በከተማ መንገድ ሲጠቁም «ወደ ላይ ሂድ» የሚለው ብዙ ጊዜ ዳገቱን ይዞ ነው። የክልሉ ቋንቋዎች ከዚህ ሊለዩ ይችላሉ ብሎ ለማሰብ ምክንያት አለ። የጉሙዝ ሰዋስው በሰፊው የተጻፈው ኮሊን አህላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት ነው፤ ከቋንቋው ጎላ ካሉ ጠባዮች አንዱም የአካል ክፍል ስሞችን ወደ ግሡ ውስጥ ማስገባቱ ነው። የአካል ክፍል በግሥ ውስጥ በሚገባበት ቋንቋ አፉን የፈታ ተማሪ «ጎን» ሲባል የአካል ጎን ቢያስብ አይፈረድበትም።

ጉድጓድ ውስጥ የተነገረ ቃል

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው የባህላዊ ወርቅ ቁፋሮ ነው። ቆፋሪዎች መጀመሪያ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ወርቅ ያዘለው ንብርብር ላይ ሲደርሱ በአግድም ተከትለው ይገባሉ። አደጋው ያለው በአግድሙ ውስጥ ነው፤ ድጋፍ ያልተደረገለት ጣሪያ ይናዳል፣ በተለይም በክረምት አፈሩ ውኃ ሲጠጣ።

አንድ የደህንነት አሠልጣኝ «ወደ ጎን አትቆፍሩ» ብሎ ቢያስተምር ምን ይሰማል? አሠልጣኙ በጉድጓዱ አፍ ቆሞ ያስባል፤ ለእርሱ ጎን ማለት ከቁልቁል ውጪ ያለ ሁሉ ነው። ቀድሞውኑ በአግድሙ ዋሻ ውስጥ ተንበርክኮ ለሚቆፍር ሰው ግን ፊቱ ያለው ግድግዳ ጎን አይደለም፤ ፊት ነው። ጎን የሚሆነው ቅርንጫፍ ቢያወጣ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ፣ ታዝዞ፣ ወደ ፊት መቆፈሩን ይቀጥላል። ያው ቃል ለአንዱ ክልከላ፣ ለሌላው ፈቃድ ሆነ። «ከጉድጓዱ አፍ በቀጥታ ሰማይ ከማይታይበት ቦታ አትቆፍሩ» ቢባል ኖሮ የማንም ፊትና ጎን ሳያስፈልግ ትእዛዙ በሁለቱም ጆሮ አንድ ይሆን ነበር።

ስለዚህ በምርምር ጽሑፍ «የጎንዮሽ» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ሰው መለኪያውን በአንድ ሐረግ ቢያስቀድም እመርጣለሁ፤ ከመሬት ስበት አንጻር ከሆነ «አግድም»፣ ከአካል ፊት አንጻር ከሆነ «በጎኑ»፣ ከመንገድ አንጻር ከሆነ «ከመንገዱ ወጥቶ»፣ ሄዶ የሚመለስ ከሆነ «ማንገዋለል»። ቃላቱ አዲስ አይደሉም፤ ሁሉም ከገበያና ከወጥ ቤት የመጡ ናቸው። «ጎንዮሽ» ለአስተዳደርና ለመድኃኒት ይቅር፤ በዚያ ማንም አይሳሳትበትም።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ሊሠራ የሚችል ጥናት አመላክቼ ልተው። በኔዘርላንድ ናይሜኸን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጁት «ሰውና ዛፍ» የተባለ የሥዕል ጨዋታ አለ፤ ሁለት ተናጋሪዎች በመጋረጃ ተለያይተው አንዱ የያዘውን ሥዕል ለሌላው በቃል ብቻ ይገልጻል፣ ሌላውም ከፊቱ ካሉት ይመርጣል። በበርታ፣ በጉሙዝና በሽናሻ ይህን ማካሄድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሥዕሎቹ ግን ሰውና ዛፍ ብቻ ባይሆኑ ይመረጣል፤ አንድ ሸርጣን፣ አንድ ገበቴ፣ ወንዝ የሚሻገር አንድ ጀልባ፣ እንዲሁም አንዱ ቆፋሪ በጉድጓዱ አፍ ቆሞ ሌላው በአግድሙ ውስጥ ተንበርክኮ የሚታይበት የተቆረጠ የጉድጓድ ሥዕል ቢጨመሩ፣ ተናጋሪዎቹ ለአራቱ አንድ ቃል ይጠቀሙ ወይስ አራት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊቀዳ ይችላል።